ደረጃውን የወረደው የብቅል ሽታ

ሁሉን ነገር ከስልኩ የሚማር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ዳዊት እንዲያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቴርሞሜትሩን እንደ መስቀል ይዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢራ ከገብስ ብቅል ሊጠምቅ ተነሣ።

ምን ዋጋ አለው! ሽታው በሩን አልፎ ደረጃውን ወረደ። ድሮ ወደ ኮንዶሚኒየም ሳንገባ፣ አቃቂ በሰቃ ሰፈር ሳለን፣ ብቅል ከሸተተ ድግስ አለ ማለት ነበር፤ ጥሪ የሚጠብቅ ጎረቤትም አልነበረም። የታችኛው ፎቅ እማማ ዘነበች ብርጭቆ ይዘው ከች አሉ፤ እኛም በርጩማችንን ይዘን ተከተልናቸው።

"የማን ማኅበር ነው ልጄ?"

"ቢራ እኮ ነው እማማ! ለመድረስ ገና ሳምንታት ይቀሩታል።"

"ታዲያ ምን ቸገረን? እንጠብቃለን" ብለው ተቀመጡ።

ዳዊት ግራ ቢገባው ሻይ አፈላ። ስንት ዘመን በራችንን ዘግተን የኖርን ሰዎች፣ ባልጠጣነው ቢራ ሞቅ ብሎን አመሸን።