ዱዓ ለሮዛ ጉሮሮ

አፋር ሰው ሲባል ዝም የሚል ሰው ይመስላችኋል። አይደለም። አፋር ሰው ብዙ ያወራል፤ ስለ ራሱ እንዳይጠየቅ ስለ ሌላ ሰው ያወራል እንጂ። እኔን ውሰዱ። ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ጅዳ መጥቼ ሰው ቤት መግባቴን በራሴ አፍ ተርኬ አላውቅም። አሁን እንኳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘለልኩት፤ አያችሁ? የአንዲት አሜሪካዊት ዘፋኝ ሕይወት ግን ከልደቷ እስከ ጉሮሮዋ ቀዶ ጥገና ድረስ እንደ ውሃ ይወርድልኛል።

ከእሷ ጋር ያስተዋወቁኝ የማዳሜ አባት ናቸው። ባባ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው አሜሪካ የተማሩ፣ ከዓስር ሰላት በኋላ ክፍላቸውን ዘግተው ሸክላ የሚያጫውቱ ሽማግሌ ናቸው። የቤቱ ሰው ሸክላውን አይወድላቸውም፤ ስለዚህ ሻይ ይዤ ስገባ የሚያወሩት ለእኔ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ጊታሩ ሲጀምር "ስሚ፣ አሁን ባቡሩ ሊመጣ ነው" ይሉኛል። ካንትሪ የሚሉት የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ነው፤ ባቡር አለው፣ ዝናብ አለው፣ ሄዶ የቀረ ባል አለው። ከመስኮቱ ውጭ የጅዳ ሙቀት ግድግዳውን ይልሳል፤ እኛ ጋ ግን የትምባሆ ማሳ ላይ ዝናብ ይዘንባል። አንዳንዴ የምንነቃው ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

በኒ ማሊክ የሚባል የጅዳ ሰፈር ውስጥ ከአገሬ ልጆች ጋር የተከራየናት ክፍል አለች። ጁምዓ ጁምዓ እዚያ እንሰባሰባለን፤ ሁሉም በየተራዋ ማዳሟን ታማለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ዘፋኟን አወራሁ። ስሟ በእንግሊዝኛ ረዘም ይላል፤ በኒ ማሊክ ስትደርስ ሮዛ ሆና ቀረች።

ሮዛ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ልጅ ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ዘመረች፣ በልጅነቷ ተዳረች፣ ባሏን ትታ ጊታሯን ተሸክማ ከተማ ገባች። እዚያ አንድ ሰውዬ አገኛትና ፈርሚ አላት። ፈረመች። ከዚያ ወዲያ የት እንደምትዘፍን፣ ምን እንደምትለብስ፣ የራሷን ዘፈን እንኳ መቼ እንደምታወጣ የሚወስነው እሱ ሆነ።

"ከፊሏ ነዋ!" አለች የክፍላችን ታላቅ እትዬ ዘምዘም። ከፊል ማለት እኛ ጋ ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ የያዘ አሠሪ ነው።

"ማኔጀር ነው የሚባለው" አልኩ።

"ስሙን ተይው። ወረቀቷን ይዟል?"

"ውሉን ይዟል።"

"ኸላስ! ከፊል ነው። ምን ትጠብቃለች፣ አትጠፋም?"

ጠፋች እንጂ። ሮዛ የመድረክ ልብሷን እንደለበሰች በጓሮ በር የወጣች ጊዜ ክፍላችን በእልልታ ሊፈርስ ነበር።

ፋጡማ ብቻ እልል አላለችም። ፋጡማ የወሎ ልጅ ናት። አገሯ ሳለች ድቤ እየመታች መንዙማ ስታወጣ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ይሰማት ነበር ይባላል። ጅዳ መጀመሪያ የገባችበት ቤት ማዳሟ የሠራተኛ ድምፅ አትወድም፤ ፋጡማ የምትናገረው በሹክሹክታ ነበር። ከዚያ ቤት ከወጣች ቆየች። ሹክሹክታው ግን አብሯት ወጣ። አሁን ታናሽ እህቷ ልትዳር ነው፤ እናቷ በየጊዜው እየደወሉ "ለኒካዋ አንድ መንዙማ በስልክ ቀድተሽ ላኪልኝ" ይሏታል። "ድምፄ ሄዷል፣ እማዬ" ስትላቸው አያምኗትም። "ሪያል ስታይ ናቅሽን" ብለው ይዘጉባታል።

እና የሮዛ ጉሮሮ ታሞ፣ ሐኪም ቀዶት፣ ድምፅ አጥታ ቤቷ የተቀመጠችበት ጋ ስደርስ ፋጡማ የምታጥፈውን ልብስ ለቀቀችው።

"ከዚያስ?"

"ባባ ከዚህ አላለፉም።"

"ጠይቂያቸዋ!" አለችና ትንሽ አስባ፣ "ዑምራ ስሄድ ዱዓ አደርግላታለሁ። የእሷ ከተመለሰ የእኔም ይመለሳል።"

"ካፊር አይደለችም እንዴ?" አለች አንዷ።

"ጉሮሮ እንጂ ጀነት መቼ ለመንኩላት!" አለች ፋጡማ፣ በዚያው በሹክሹክታ።

እትዬ ዘምዘም ፈረደች፤ "ለታመመ ዱዓ አይከለከልም። የእናቷን ስም ግን ያዢ። ያለ እናት ስም ማን ማንን ያገኛል?" እኛ አገር የታመመ ሰው ዱዓ የሚያዝለት በእናቱ ስም ነው፤ አሜሪካዊትም ብትሆን።

ባባን ጠየቅኳቸው። የእናቷ ስም ማርታ ነው አሉኝ። "ዘፋኟስ አሁን የት ናት?" አልኩ።

"እሷማ ከሞተች ስንት ዘመኗ!" ብለው ሳቁ። "ያኔ ጢሜ ጥቁር ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንዴም አልዘፈነችም።"

"ሁልጊዜ 'ትዘፍናለች' እያሉ አይደል የሚነግሩኝ?"

"አትዘፍንም እንዴ?" አሉና መርፌዋን ሸክላው ላይ አሳረፏት። ባቡሩ መጣ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በማግስቱ ከፋጡማ ጋር ለዑምራ ወደ መካ ስንሄድ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፋጡማ እንዳትረሳው "ማርታ፣ ማርታ" እያለች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አፌን ዘጋሁ።

ጠዋፍ፣ ካዕባን መዞር፣ ስንጀምር ገና ፀሐይ አልወጣችም። እብነ በረዱ ከእግራችን ሥር ይቀዘቅዛል፤ ሰዉ እንደ ወንዝ ይዞራል፤ እኔ የምራመድ ሳይሆን የምንሳፈፍ ይመስለኛል። ፋጡማ እጇን ዘርግታ በሹክሹክታ ጀመረች። የሰው ሁሉ ዱዓ ዋጣት። ትንሽ ከፍ አደረገችው። ዋጣት። ራሷን መስማት ሲያቅታት ጊዜ እንደ ግድብ ተለቀቀች፤

"ያ ረቢ! የማርታን ልጅ ሮዛን! ጉሮሮዋን ክፈትላት!"

ወፍራም፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ነበር። ከጎናችን አንድ ዓይነት የለበሱ የሩቅ አገር ሴቶች ምን እንደተባለ ሳያውቁ ባንድ አፍ "አሚን!" አሉ። ለሞተች የካንትሪ ዘፋኝ ጉሮሮ እንዲህ ያለ አሚን ተብሎ ያውቅ ይሆን?

ዑምራችንን ጨርሰን ሚስፈላ የሚባለው የመካ ሰፈር አንዲት ምግብ ቤት ቁጭ እንዳልን ጠየቀችኝ፤ "ባባ ምን አሉ? ዘፈነች?"

"ትላንት ከዓስር በኋላ ስትዘፍን በጆሮዬ ሰምቻታለሁ" አልኩ። ወላሂ፣ ሰምቻታለሁ።

ፋጡማ ስልኳን አወጣች። ድቤ ስለሌለ ጠረጴዛውን እየመታች መንዙማዋን ጀመረች። አስተናጋጁ ሳህን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እናቷ መልሰው የላኩት ድምፅ ውስጥ ከእልልታና ከልቅሶ በቀር የሚሰማ ቃል አልነበረም።

እኔ ግን ተያዝኩ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር "ቀጥዪ" ነው። ሮዛ አሜሪካ ከሞተች ቆይታለች፤ በኒ ማሊክ ግን ሥራዋ ተሟሙቋል። ባለፈው ጁምዓ ቤት ሠራች። አሁን አንድ ጨዋ ሰው ላግባሽ እያላት ነው፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ፋጡማ ጎረቤት እስኪሰማ "እንዳታገባው!" ትላለች። ሮዛ እንደ ድሮው ደፋር አይደለችም፤ ሰው ፊት ትደነግጣለች፣ ሻንጣዋ ውስጥ መጻሕፍት ይዛ ትዞራለች።

ትላንት እትዬ ዘምዘም ትክ ብላ አየችኝና፣ "አንቺ፣ ይቺ ሮዛ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።