የጋሽ ሞገድ ዘንግና የሰፊዋ ሜትር

ኔትወርክ እንደ ልብ በማይገኝበት ገጠር ሁሉ፣ ኔትወርኩ የት እንደተደበቀ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሐኪም ባይኖር፣ መካኒክ ባይኖር፣ እሱ አለ። ሁለት ሆነው የተገኙ እንደሆነ መንደሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሲም ካርድም የሚገዛው በወገን ይሆናል።

አንዲት ልብስ ሰፊ በምትኖርበት መንደር ያሉት አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ለሁለት ይበቃሉ። ጋሽ ሞገድ ይሏቸዋል። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቁመታቸው ለሁለት ሰው የታሰበ ይመስላል። ተሰፍቶ የሚሸጥ ሱሪ ሁሉ ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ሳይደርስ ይደክመዋል። ከእጃቸው የማይለይ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ አላቸው። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ሦስት ስልኮች በላስቲክ ታስረዋል። አንዱ የባለ ጃንጥላው ኩባንያ ነው፤ ሌላው የባለ ደወሉ። በመንደሩ ኩባንያዎቹን በስማቸው የሚጠራ የለም፤ ሁሉም የሚያውቃቸው በማስታወቂያቸው ሥዕል ነው። ሦስተኛው ስልክ ሲም የለውም። «እሱ ምስክር ነው» ይላሉ ጋሽ ሞገድ። ምን እንደሚመሰክር የጠየቀ የለም።

እኚህ ክቡር የሞገድ ሊቅ ወደ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ዘንጉን ያነሳሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ላይ ያያሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ፤ «ጃንጥላ ሁለት፣ ደወል ሦስት»። ቁጥሩን የሚጽፉት ዝም ብለው ባገኙት ቦታ አይደለም፤ ልኩ ከተገኘበት ላይ ነው። «ሥራ ደንብ አለው» ይላሉ።

«ታዲያ የቱን ልግዛ ጋሼ?» ይላል የቤቱ ባለቤት።

«ጥናቱ አላለቀም።»

«ከጀመሩት እኮ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው!»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ሰውም እሺ ብሎ ይሸኛቸውና ግድግዳው ላይ ቁጥሩ የበለጠውን ሄዶ ይገዛል።

ይህ ሁሉ ጥናት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጋሽ ሞገድ በወጣትነታቸው ከመንገድ ቀያሾች ጋር ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ቀያሹ ባለ ሦስት እግሩን መነጽር ተክሎ በሩቅ ያያል፤ እሳቸው ደግሞ ማዶ ቆመው ዘንጉን ይይዛሉ። የተቀጠሩት በቁመታቸው ነው፤ የተመሰገኑትም በአያያዛቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ግን በዚያ መነጽር አንድ ቀን አይተው አያውቁም። «ምን ታየ?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ዝም ብለህ ቀጥ አድርገህ ያዝ» ይሏቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ዘንጉን ይዘው መጡ፤ ጥያቄውንም።

በዚህ መንደር ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ የሚነሳው ስልኩ አይደለም፣ የሚቆሙበት ዱካ፣ በርጩማው ነው። ባለ ወፍጮው ወፍጮውን አጥፍቶ፣ ዱካውን ስቦ፣ ዱቄቱን ከጆሮው አራግፎ፣ ላይ ወጥቶ «ሄሎ» እስኪል ድረስ ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። አንዲት እናት ሩቅ ያለች ልጇን የምትቆጣው ዱካ ላይ ቆማ ነው፤ ልጅቷም ቁጣው ከላይ እንደሚወርድባት ይታወቃታል አሉ። ስልክ ሁሉ ታች እንደምንም እየጠራ፣ የሚያናግረው ግን ከፍ ሲሉ ብቻ የሆነበትን ምክንያት የመረመረ ግን አልነበረም። «አገሩ ጎድጓዳ ስለሆነ ነው» ተባለ፤ በዚያው ተለመደ።

ልብስ ሰፊዋም ለምዳው ነበር። እሷ ቁመቷ አጭር ነውና ዱካዋ ከሌሎቹ ይረዝማል። ከእህቷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ እሷ ትሰፋለች፣ እህቷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች፣ ታሽሟጥጣለች። የተዘጋጀ ልብስ በየገበያው ከፈሰሰ ወዲህ ደንበኛ ጠፍቷል። እስከ ክረምት ሥራ ካልተገኘ እህቷ ወደ ከተማ ሄዳ ፋብሪካ ልትገባ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አላወሩም፤ ሁለቱም ግን ስለሌላ ነገር አስበው አያውቁም።

በዚህ መሐል ነው ከከተማ የዩኒፎርም ሱቅ ያላት ሴት የደወለችው። ሰፊዋ ዱካዋ ላይ ሆና ሰማቻት።

«እቱ፣ እኔ ሰው እጁ ሲሠራ ሳላይ ሥራ አልሰጥም። ኮሌታ ስትሰፊ በቪዲዮ ልይሽ። ከወደድኩት ሦስት መቶ አርባ ሸሚዝ ያንቺ ነው። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት እደውላለሁ። ካጣሁሽ ማክሰኞ አንዴ እሞክራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰፊ አላጣም።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የስፌት መኪናው መርገጫ መሬት ላይ ነው፣ ኔትወርኩ ደግሞ ዱካ ላይ። ሰፊዋ ሁለቱን ባንዴ ለመሆን ብዙ አሰበችበት፤ አልሆነላትም። ስለዚህ የቤት ኢንተርኔት ለማስገባት ወሰነች።

ምርጫው ብዙ አልነበረም። በእጇ ያለው የጃንጥላው ስልክ ድምፅ እንጂ ምስል አይሸከምም። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ሳህን ዋጋው ከጣሪያው ይበልጣል። የቀረው የባለ ደወሉ ዋይፋይ ነው። የደወሉ ሻጭ ቅዳሜ ገበያ መጥቶ በስልኩ ካርታ አሳያቸው። መንደሩ ከነወንዙ፣ ከነገደሉ ቢጫ ተቀብቷል።

«ቢጫ የሆነው ሁሉ ይሠራል» አለ ልጁ።

«ገደሉም ይሠራል?» አለች እህቷ።

«ገደሉም ይሠራል፣ እህቴ።»

«ይሁና፤ የወደቀ ሰው ይደውላላ።»

ሰፊዋ ካርታውን አላመነችም። ያመነችው ግድግዳዋን ነው። ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ በጠመኔ «ደወል አራት» የሚል አለ። ጋሽ ሞገድ በአራት የመሰከሩለት ቤት በመንደሩ ሌላ የለም። ፈረመች። የዋይፋዩን ሳጥን ይዛ ገባችና ወረቀቱ ላይ እንደታዘዘው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። መስመሩ ሰኞ ማለዳ ይከፈታል ተባለ።

ሰኞ ተከፈተ፤ የበራው መብራት ግን ቀይ ነበር። አራት ሰዓት ሆነ። ጃንጥላው ጠራ፤ ሰፊዋ እየሮጠች ዱካዋ ላይ ወጣች።

«ኧረ የት አለሽ? ምስልሽን አጣሁት!» አለች ባለ ሱቋ።

«እዚሁ ነኝ፣ ዱካ ላይ።»

«ዱካ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ካንቺ ጋር አወራለሁ።»

ባለ ሱቋ «ነገ አራት ሰዓት» አለችና ዘጋችው።

እህቷ መተኮሻውን አስቀመጠች። «ይሄ ሰውዬ ጥናቱን ሲጨርስ እኛ በሰማይ ቤት እንሰፋለን» አለች። «እዚያ ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ኔትወርክ አያስፈልግም።» ይህን ስትል ሰማዩን ለማየት ቀና አለች፤ ዓይኗም ግድግዳው ላይ ቀረ። «አንቺ! ይሄ ቁጥር የተጻፈው የት ላይ ነው?»

ሰፊዋም ቀና አለች። ሦስት ዓመት ያየችው ጽሑፍ ነው፤ ቦታውን ግን አይታው አታውቅም። ከአንገቷ ላይ ሜትሯን አወረደችና ዱካ ላይ ወጣች፤ እህቷ ጫፉን ከታች ያዘችላት። ከወለሉ እስከ ጠመኔው ሁለት ሜትር ከሠላሳ አምስት። ከዚያ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና እህቷ ከወለሉ እስከ ጆሮዋ ለካቻት። አንድ ሜትር ከአምስት።

«እሳቸው ለራሳቸው ነው የለኩት» አለች ሰፊዋ ቀስ ብላ። «ለቁመታቸው፣ ከነዘንጋቸው።»

«የመንደሩን ሰው ሁሉ ዱካ ላይ ያወጡት እሳቸው ናቸዋ!» እህቷ አፏን በእጇ ያዘች። መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ የነገው አራት ሰዓት ትዝ ሲላት ተወችው።

ጋሽ ሞገድ ተጠርተው መጡ። እንደ ልማዳቸው ዘንጉን ሊያነሱ ሲሉ ሰፊዋ ሜትሩን ዘርግታ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። አልጮኸችም፤ ደንበኛ የጠበበውን ልብስ ይዞ ሲመጣ እንደምታናግረው አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ ልኩ ትክክል ነው። ግን የኔ ልክ አይደለም።»

ጋሽ ሞገድ ቁጥሩን አዩ። ከዚያ ዱካውን አዩ። በዓይነ ልቦናቸው ባለ ወፍጮውንም፣ ያችንም እናት፣ ዱካ ላይ የተሰቀለውን መንደር ሁሉ ሳያዩ አልቀሩም። ጠመኔውን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«ሃያ ዓመት ቀጥ በል ነው ያሉኝ» አሉ። «ዝቅ በል ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

ቀጥሎ የሆነውን ዛሬም ድረስ የማያምን ሰው አለ። ጋሽ ሞገድ ተቀመጡ። በሰፊዋ ዝቅተኛ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ደርሶ፣ ስልኮቹን ከዘንጉ ፈትተው በእጃቸው ይዘው፣ እስከ ማታ ተቀመጡ። ግራ አዙረው ለኩ፣ ቀኝ አዙረው ለኩ። ደወል ዜሮ። ጃንጥላ ዜሮ። ምስክሩም ያው ነው።

«ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው» አሉ ሊነሱ ሲሉ። «ሞገዱ የሚገባው ከላይ፣ በግድግዳውና በጣሪያው መሐል ባለው ክፍተት ነው። ታች አይወርድም።»

«እንግዲያስ ሳጥኑን ላይ እንስቀለዋ» አለች እህቷ። «ከሱ ወደኛ ያለውን ሳጥኑ ራሱ ያወርደው የለም?»

ሞከሩት። ግድግዳው ላይ ሲያስጠጉት ቀይ፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ሲያርቁት አረንጓዴ። አንድ ክንድ የራቀ ቦታ ላይ ደግሞ ሚስማር የሚመታበት አየር የለም።

ማክሰኞ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጋሽ ሞገድ ታጥበው መጡ። ሦስቱን ስልኮች ጠረጴዛ ላይ አኖሯቸው። ሳጥኑን ከዘንጉ ጫፍ ላይ በላስቲክ አሰሩ፤ እህቷ ማከፋፈያ ቀጥላ የመብራት ገመዱን አደረሰችላቸው። ከስፌት መኪናው ጀርባ ቆሙ፤ ዘንጉን አነሱ፤ ቀጥ አሉ። አረንጓዴው በራ።

ስልኩ ጠራ። ሰፊዋ ቁጭ እንዳለች አነሳችው።

ኮሌታ ጊዜ ይወስዳል። ባለ ሱቋ ደግሞ አንድ አይታ የምትጠግብ ሴት አይደለችም፤ ሦስት አሰፋች። ማዕዘኑን አቅርቢልኝ አለች፤ ስፌቱን ገልብጪው አለች። ሰዓቱ ከአራት ወደ አምስት ሄደ። ጋሽ ሞገድ አልተነቃነቁም። ላብ በአፍንጫቸው ጫፍ ተንጠልጥሎ ቆየና ወረደ፤ አልጠረጉትም። ዝንብ መጣች፣ ጆሯቸው ላይ አረፈች፣ ሰልችቷት ሄደች። እህቷ ለማሽሟጠጥ አፏን ሁለት ጊዜ ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ባለ ሱቋ በመጨረሻ። «ከኋላሽ ያለው ምሰሶ ጫማ አድርጓል እንዴ?»

«ምሰሶ አይደለም፤ ጋሽ ሞገድ ናቸው።»

«ይሁን። እጅሽን ወድጄዋለሁ። ጨርቁን ሐሙስ እልካለሁ።»

እህቷ መተኮሻውን አቅፋ ቁጭ አለች። ጋሽ ሞገድ ግን ገና እንደያዙ ናቸው፤ ልቀቅ ያላቸው የለማ።

«ምን ታየ?» አሉ ከላይ።

ሰፊዋ ገና ያልተዘጋውን ስልክ ከጠረጴዛው አንስታ ወደሳቸው አዞረችው። «ሁሉም ታየ ጋሼ። ይኸው፣ ይዩት።»

አጎንብሰው አዩ። በስልኩ መስታወት ጥግ አንድ ረጅም ሰው ዘንግ ይዞ ቆሟል። ትክ ብለው ተመለከቱት።

«ቀጥ ብያለሁ» አሉ።

ዘንጉ ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚያ ቤት አልወጣም። በድንጋይ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ቆሞ፣ ሳጥኑን ተሸክሞ፣ ሦስት መቶ አርባ ሸሚዝ ሲሰፋ አይቷል። እህቷም ከተማ አልሄደችም፤ ከበፊቱ ይልቅ ታሽሟጥጣለች። ጋሽ ሞገድ አሁን ያለ ዘንግ፣ ስልኮቹን በኪሳቸው ይዘው ነው የሚሄዱት። የመንደሩን ቤቶች ሁሉ እንደገና ሊለኩ ጀምረዋል፤ በየቤቱ ዝቅተኛውን መቀመጫ መርጠው ይቀመጣሉ። እንግዳ እንዳይቀመጥበት የተከለከለ ወንበር ሁሉ እግራቸውን ይቅርታ እየጠየቀ ተሸክሟቸዋል። የቱን እንግዛ ላላቸው መልሱ ያው ነው፤ ጥናቱ አላለቀም።

ሰፊዋ ከትርፍ ጨርቅ ሱሪ ልትሰፋላቸው ባለፈው እሑድ ጠራቻቸው። ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ሱሪ። ወገባቸውን ለመለካት ጎንበስ ማለት አላስፈለጋትም፤ ሸሚዝም ልጨምርልዎ ብላ ትከሻቸውን ለመለካት ግን ያንን ረጅም ዱካዋን ከጥግ አወጣችው። ሜትሯን በጥርሷ ይዛ ወጣችበት።

«ቀጥ ይበሉ፣ ጋሼ።»

«እሱን ለኔ ተይው» አሉ።

ይህን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ጠራ። ሁለቱም አዩት። በዚያ መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ስልክ ሊያነሳ ከዱካ ወረደ።