አንኳኩተው የሚያምኑት ጋሽ ሙላት

አንዳንድ ሰው ዓይኑን አያምንም፤ ካላንኳኳ አይሆንለትም። የእኛ የሲያትሉ ጋሽ ሙላት እንዲህ ናቸው። ድስትም ይሁን የመልእክት መቀበያ ፔጀር በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ያዳምጡና፣ "ደህና ነው" ወይም "ተሰንጥቋል" ብለው ይፈርዳሉ። ታዲያ እኚህን ሰው ሙዚየም ይወስዷቸዋል?

እኔ ወሰድኳቸው። የጥንት ሮማውያን ሸክላ ያቃጥሉበት የነበረ እቶን፣ ስብርባሪው ተለቃቅሞና ተጠግኖ፣ ለሕዝብ መማሪያ ቀርቦ ነበር። ጋሽ ሙላት የመከለያውን ገመድ ተሻግረው ኳ ኳ አደረጉት! አላርሙ ጮኸ፣ ዘበኛው ሮጠ፤ ሮም ለሁለተኛ ጊዜ የወደቀች መሰለኝ። አብራን የመጣችው ልጃቸው ሳራ "ዳድ፣ ፕሊስ!" ብላ ፊቷን ሸፈነች። ሁልጊዜም በአማርኛ ያናግሯታል፤ በእንግሊዝኛ ትመልስላቸዋለች።

እቶኑን የጠገነችው ሴት ግን ሳቀችና እቶኑ ፊት የሚቆመውን የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ በአማርኛም እንድጽፍላት ለመነችኝ። ጋሽ ሙላትን አስቤ በአንቱታ ጻፍኩት።

በሌላ ጊዜ ሦስታችንም ተመልሰን ሄድን። ሳራ ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ ፊደል እየቆጠረች፣ "እ... ባ... ክ... ዎ... አይንኩ" ብላ አነበበች።

ጋሽ ሙላት ሰሌዳውን ኳ አደረጉና "ደህና ነው፤ አልተሰነጠቀም" አሉኝ። ዓይናቸው ግን ልጅቱ ላይ ነበር።