አናቱ ያልተዘጋ ኮፍያ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የተቀመጥኩት። ካልሲዬ ውሃ ይተፋል። ከሆስፒታሉ እስከ ቤት በሩጫ ነው የመጣነው፣ እኔና አክስቴ፣ በአንድ ጃንጥላ፣ ያውም በግማሽ ጃንጥላ። ስንወጣ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ነበር። "አየሩ እንዴት ደስ ይላል፣ በእግራችን እንሂድ" አለች አክስቴ። መንገዱን ሳናጋምስ በረዶው እንደ ጠጠር ይለቀቅብን ጀመር። "ጨርቅ ያለበትን በኩል ወደ ንፋሱ አዙሪው! አዙሪው እንጂ አንቺ ልጅ!" ትለኛለች ከኋላዬ እየሮጠች። በሌላኛው በኩልማ ሽቦ ብቻ ነው ያለው። የጃንጥላውን ጨርቅ በአዲስ ልትቀይረው ጀምራ ነበር።

እህቴ ዛሬ ጠዋት ሴት ልጅ ወለደች፣ ጊዜዋ ሳይደርስ። ስለ ልጅቷ መጻፍ ስጀምር እሰርዘዋለሁ። ስለ አክስቴ ሳስብ ግን ሳልወድ በግዴ እስቃለሁ። እና ስለ አክስቴ ልጻፍ።

የፈለጋችሁትን ቤት በር ብታንኳኩ አንድ ጀምሮ የማይጨርስ ሰው አታጡም። ግድግዳውን እስከ ወገቡ ቀብቶ ብሩሹን ያደረቀ አባወራ አለ። አልጋ ልሥራ ብሎ እግሮቹን ብቻ ሠርቶ መሬት ላይ የሚተኛ አለ። እነዚህ ሁሉ ግን ተለማማጆች ናቸው። የሁሉም የበላይ፣ የሁሉም ፊታውራሪ፣ ክብርት አክስቴ ናት።

ክብርት አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከኛው ጋር ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሸሚዝ ፋብሪካ ነበር፣ ሥራዋም ኮሌታ። ኮሌታ ብቻ! ከግራዋ ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ይመጣላታል፣ ኮሌታውን ትሰፋለች፣ ወደ ቀኟ ትገፋዋለች። በቀኟ የተቀመጠችው እጅጌውን ትቀጥላለች፣ ከሷ ቀጥሎ ያለው ቁልፉን። እንዲህ ስትል ኖራ አንድ ሙሉ ሸሚዝ በእጇ ሳያልቅ ጡረታ ወጣች። እሷ ወጣች እንጂ እጇ አልወጣም። ዛሬም የስፌት መኪናዋ ፊት ትቀመጣለች፣ አንድ ነገር ትጀምራለች፣ ደህና አድርጋ ታደርሰዋለች፣ ከዚያ ወደ ቀኟ ትገፋዋለች። በቀኟ ሰው የለም። ግድግዳ ነው ያለው። በግድግዳውና በአክስቴ መሀል ያለውን ክምር ደግሞ አታውሩት፣ የጎረቤት ድመት ሁለቴ ወልዳበታለች።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? የጀመረችው ሁሉ ያምራል! አስቀያሚ ቢሆን ጥለነው እንገላገል ነበር። የሳሎናችን መጋረጃ ከተቆራረጠ አሮጌ ልብስ የተሠራ ነው። ወፍ አለው፣ ቅጠል አለው፣ እንግዳ ሲገባ ሰላምታውን ትቶ እሱን ነው የሚያየው። ግን የመስኮቱን ግማሽ ነው የሚሸፍነው። እናቴ አንድ ቀን አልቻለችም።

"እትዬ፣ ምናለ ይቺን መጋረጃ ቢጨርሷት?"

"ትንሽ ነው የቀረው!"

"ግማሹ እኮ ነው የቀረው እትዬ!"

"ታዲያ ግማሽ ብዙ ነው?"

"ትንሽ ነው የቀረው" የክብርት አክስቴ መፈክር ነው። ለአባቴ ሹራብ ጀመረችለት፣ ባለ አንድ እጅጌ ሆኖ ቀረ። አባቴ ደግሞ እህቱን ማስቀየም ሞቱ ነው። ከላይ ኮት ይደርብበታል፣ ሰው ቤት ሄዶ ቢሞቀው፣ ላቡ በጆሮው ስር ቢወርድ፣ ኮቱን አያወልቅም። "ኮትህን አውልቅና ተጫወት እንጂ" ሲሉት "ቸኩያለሁ" ይላል፣ ከዚያ ማታ ድረስ ይቀመጣል። ሦስት ጎኑ ብቻ የተሰፋ የወንበር ትራስ አለን። የቤት አከራያችን ተቀምጦበት ሲነሳ ቂጡ ላይ ጥጥ አንጠልጥሎ ነው የወጣው። ሰፈሩን አቋርጦ ሲሄድ በመስኮት አየነው። ማን ይንገረው? በመጋረጃው ግማሽ ተሸሽገን ሳቅን።

እኔ አንዴ ደፍሬ ተናግሬያታለሁ። "አክስቴ፣ አንድ ነገር ጀምረሽ ብትጨርሺ ምን ትሆኛለሽ?" አልኳት። መኪናዋን አቆመች። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች።

"አንቺስ? ትምህርትሽን ጨርሰሽ ነው?"

አስረኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ከዚያ በኋላ ስለ መጨረስ ትንፍሽ አላልኩም።

የዘንድሮው ፀደይ ደግሞ አገባቡ ራሱ የአክስቴ ነው። ፀሐይ ይጀምራል፣ ይተወዋል። ዝናብ ይጀምራል፣ እሱንም ይተወዋል። ብርዱ ደህና ሁኑ ብሎ ይወጣና የረሳው ነገር እንዳለ ሰው ተመልሶ ይገባል። እህቴ ነፍሰ ጡር ሆና እኛ ጋ የመጣችው እንዲህ ባለው ሰሞን ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። ከቤት መውጣት ስላቃተን አክስቴ ሁላችንንም ሥራ አስያዘችን። ፋብሪካውን እቤት አመጣችው ብትሉ ይቀላል። መኪናዋን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋ ሁላችንንም በቀኟ በኩል በተርታ አስቀመጠችን፦ እናቴ አሮጌ ሹራብ እየተረተረች ክር ታጠነጥናለች፣ እህቴ ታዘማዝማለች፣ እኔ ትርፍራፊ እቆርጣለሁ፣ አባቴ ቁልፍ ይተክላል። "አሁን ማን ሊያቆመን!" አለች አክስቴ፣ ፊቷ በርቶ።

ፀሐይ አቆመን። ብልጭ ሲል እናቴ "ልብሱ!" ብላ ጮኸች፣ ሁላችንም ግር ብለን ወጥተን የታጠበውን አሰጣን። ገብተን ሳንቀመጥ ዝናቡ መጣ፣ ወጥተን ለቀምነው። ገባን፣ ፀሐይ ወጣ። እንዲህ ስንል ዋልን። መጨረሻ ላይ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፣ አባቴም የገዛ ሱሪው ላይ ቁልፍ ተክሎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ያን ቀን ነው እህቴ ሆዷን ይዛ እየሳቀች እንዲህ ያለችው። "አክስቴ፣ ለኔ ግድ የለም፣ ለልጄ ግን አንድ ሙሉ ነገር ሥሪላት። አንድ ብቻ! ግማሽ ኮፍያ አድርጋ ሰው ፊት እንዳትወጣ።"

አክስቴ አልሳቀችም። "ለሷማ እጨርሳለሁ" አለች። "ለሷማ!"

እውነትም ጥረት አደረገች። ዘዴዋን ልንገራችሁ? ትንሽ ከሆነ ቶሎ ያልቃል ብላ ሁሉንም ነገር ትንንሽ አድርጋ ጀመረችው። በጡጫዋ እየለካች። እናቴ ኮፍያውን አይታ "እትዬ፣ ይሄ ለሕፃን ነው ለብርቱካን?" አለቻት። አክስቴ ጆሮ ዳባ ልበስ። ኮፍያውን ከታች ጀምራ ወደ ላይ ወጣች፣ አናቱ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኟ ገፋችው። ካልሲውን ከላይ ጀምራ ወደ ታች ወረደች፣ ጣቶቹ ጋ ስትደርስ ገፋችው። ትንሿን ቀሚስ ደረቱንና ጀርባውን ሠርታ ጎንና ጎኑ ሳይሰፋ ገፋችው። ያን ያህል ትንሽ ሆኖም አላለቀም።

ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደወለ። እናቴ ነበረች፣ ሌሊቱን ከአባቴ ጋር እህቴን ይዛ ሄዳ ነበር። ድምጿ የሷ አይመስልም። "ወልዳለች። እንደተባለው ሴት ናት። በጣም… በጣም ትንሽ ናት። የገዛነው ልብስ ሁሉ ይውጣታል። ትንሽ የሆነ፣ ለስላሳ የሆነ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ኑ።"

ሱቅ ለሱቅ ሮጥኩ። እንደዛ የሚያንስ ልብስ የሚሸጥ የለም። ስመለስ አክስቴ ከክምሩ ውስጥ ፌስታል ሞልታ፣ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ምን እንደያዘች አውቄያለሁ። "አክስቴ፣ በናትሽ፣ ሆስፒታል እኮ ነው" አልኳት። ፌስታሉን አቅፋ ቀድማኝ ወጣች።

የሕፃናቱ ክፍል በር ላይ የተቀበለችን ነርስ ወጣት ናት፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። "ልብስ አምጥታችኋል?" አለች። አክስቴ ፌስታሉን ወደ ቀኟ ገፋችው። ነርሷ የቆመችው በቀኟ ነበር። ኮፍያውን አወጣች። ከታች ጣቷን አስገባች፣ ጣቷ በላይ በኩል ወጣ። ካልሲውን አወጣች፣ በዚህ በኩል ብታየው እኔን በዚያ በኩል አየችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። "ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ይሄ ገና…" ብዬ ስጀምር፣ ነርሷ ወደ ውስጥ ተጣራች።

"ነይ እስኪ! ነይ ይሄን እዪ!"

ሌላዋ ነርስ መጣች። ሁለቱም ትንሿን ቀሚስ ዘርግተው፣ ገልብጠው፣ አገላብጠው አዩ። ሊስቁብን ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ማን ነው የሠራው?" አለች የመጀመሪያዋ።

"እኔ ነኝ" አለች አክስቴ፣ ድምጿ ሊሰማ ትንሽ ቀርቶት።

"እማማ፣ የት ነው የተማሩት? የሕፃኗ የእጅ ደም ስር አልገኝ ብሎን ግሉኮሱን በአናቷ ነው ያስገባንላት፣ የተዘጋ ኮፍያ አይሆናትም። እግሯ ላይ የመለኪያ ሽቦ አለ፣ ጣቶቿ መታየት አለባቸው። ይሄ ቀሚስ ደግሞ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ሳናነሳት እናለብሳታለን። እኛ እኮ እዚህ ሰው ያመጣውን ደህና ልብስ በመቀስ ስንቀድ ነው የምንውለው!"

አክስቴ አፏን በእጇ ያዘች። "ገና ነው እኮ… ትንሽ ነው የቀረው" አለች።

"በእናትዎ እንዳይጨርሱት!" አለች ነርሷ፣ ዕቃውን እቅፍ አድርጋ እየገባች። "ካለዎት ደግሞ ይጨምሩልን። ውስጥ ሌሎችም አሉ!"

ኮሪደሩ ላይ እናቴ እየሳቀች አለቀሰች፣ አባቴ ኮቱን አወለቀ። አዎ፣ ኮቱን! ባለ አንድ እጅጌው ሹራብ ሰው በተሞላበት ኮሪደር ላይ ታየ፣ አንድ ክንዱ ሞቆት አንዱ በርዶት፣ "እህቴ ናት የሠራችው" ይላል ላለፈ ላገደመው።

ከዚያ በመስታወቱ አየናት። እኔ እንደዚህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ፣ ያ ለብርቱካን የተባለው ኮፍያ ልክክ ብሏት፣ ከክፍቱ አናት ቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ ከካልሲው ጫፍ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ጣቶች ወጥተው። ጥፍር አላቸው። አይ፣ እንዴት ነው ጥፍር የሚኖራቸው! ደረቷ ከፍ ይላል፣ ይቆያል፣ እኛ ሁላችን ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን፣ ከዚያ ዝቅ ይላል። ነርሷ "ትንፋሿ ገና ራሱን አልቻለም፣ ዛሬን እንያት" ብቻ ነው ያለችን።

አክስቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማኋት።

"አይዞሽ የኔ እናት" አለች። "ትንሽ ነው የቀረሽ።"

ዕድሜዬን ሙሉ የሳቅኩበት ነገር ነው። እኔም ግንባሬን ከሷ አጠገብ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ።

አሁን እቤት ነን፣ እናቴና አባቴ እዚያው ናቸው። በረዶው አቁሟል፣ ወይም ትቶታል። አክስቴ የረጠበ ሻርፏን ሳታወልቅ፣ ኮሪደሩ ላይ የጀመረችውን ሌላ ኮፍያ ይዛ ቁጭ አለች። ከመጀመሪያው ሰፋ ይላል። "ይሄ ወደ ቤት ስትመጣ የምታደርገው ነው" አለችኝ። ኪሮሿ እንዴት እንደሚፈጥን! ዞረች፣ ዞረች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ አናቱ ጋ ደረሰች። ቆመች። እኔ ይሄን እየጻፍኩ በቀኟ ነው የተቀመጥኩት። ኮፍያውን ገፋ አድርጋ ወረቀቴ ላይ አስቀመጠችው።

"ምንድነው?" አልኳት።

"ትንሽ ነው የቀረው።"

"እና ጨርሺዋ አክስቴ! ለሷማ እጨርሳለሁ ብለሽ የለ?"

እጆቿን አየቻቸው። "ዘግቼ አላውቅም እኮ ልጄ። ገና ትንሽ ቀርቷት ሳለ በሷ ላይ ልጀምር? አልደፍርም።"

ኮፍያው እጄ ላይ ነው፣ ኪሮሹ እንደተሰካ። አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ጣት ነው የሚያስገባው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ዝም ብሏል። ጨርሺዋ ብዬ ያፋጠጥኳት እኔ ነበርኩ። አሁን ልዝጋው ወይስ ክፍቱን ይደር፣ አላውቅም።