«አይሸጥም» የሚለው ታፔላ

እኛ አገር «አይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን በቅጡ አልተስማማንም። ሰው ቤት ተጋብዛችሁ «አይ፣ በቃኝ» ስትሉ ይጨመርላችኋል። «ኧረ አይሆንም» ስትሉ ሥጋው ተመርጦ ይመጣል። የምር መጥገባችሁ የሚታመነው ሳህኑን በሁለት እጃችሁ ስትከልሉት ነው፤ ያኔም በጣታችሁ መካከል አሾልኮ የሚጨምር አይጠፋም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ደላላ ሲሆን ምን እንደሚመስል ገምቱት።

አከራዬ ጋሽ ቱሉ ጉርድ ሾላ ላይ፣ አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረ መሬት፣ ሰፊ ግቢ አላቸው። እኔ በጓሮ በኩል ያለችውን ሰርቪስ ተከራይቻለሁ። በዚያ ሰሞን ከተማው በሙሉ ፎቅ ካልሆንኩ ብሎ ነበርና ደላላ በራችንን ሳይደበድብ የዋለበት ቀን የለም።

«አባባ፣ ይሄ ቤት አይሸጥም?»

«አይሸጥም።»

«እሺ፣ አይሸጥም ሲሉ ስንት ማለትዎ ነው?»

ጋሽ ቱሉ ተማረሩ። እኔ ደግሞ ፈራሁ፤ እውነቱን ልናገርና፣ የፈራሁት ለራሴ ነው። ቤቱ ከተሸጠ አቅሜ የሚፈቅደውን ክፍል የማገኘው ቦሌ አራብሳ ነው፤ ከአራብሳ ተነስቶ አትላስ ያለው መሥሪያ ቤቴ በሰዓቱ ለመድረስ ደግሞ ከዋዜማው መንገድ መጀመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ቆርቆሮ ገዛሁና በቀይ ቀለም «ይህ ቤት አይሸጥም» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩት።

በሦስተኛው ቀን ደንብ አስከባሪ መጣ። ያለፈቃድ የተሰቀለ ታፔላ የከተማውን ገጽታ እንደሚያበላሽ፣ ደንብም እንደወጣበት አስረዳን። ይህን ያስረዳን አንድ እግሩን በራችን ላይ ተቆፍሮ ከተረሳው ቦይ ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ አድርጎ ነው። ወይ ፈቃድ እናወጣለን፣ ወይ እናወርዳለን።

ወረዳ ሄድን። የመዝገብ ክፍሏ ልጅ ትሁት ነበረች።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚያስተዋውቁት?»

«አለመሸጥ» አሉ ጋሽ ቱሉ።

ልጅቷ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየችው። ምግብ ቤት አለ፣ ፀጉር ቤት አለ፣ ጎሚስታ አለ፤ አለመሸጥ የለም። ለእኛ አዝና የሚቀርበውን መረጠችልን፤ «የቤት ሽያጭ» አለች። የሽያጭ ማስታወቂያ ደግሞ በደንቡ መሠረት ስልክ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ጋሽ ቱሉ ሞባይል የላቸውም። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

ታፔላችን ሕጋዊ ሆኖ ተመልሶ ተሰቀለ፦ «ይህ ቤት አይሸጥም። ለበለጠ መረጃ ይደውሉ።» ከሥሩ የእኔ ቁጥር አለ።

የበለጠ መረጃ የሚፈልገው ሰው ብዛቱ! አለቃዬ ፊት ቆሜ ይደውላሉ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ይደውላሉ፤ አይሸጥም ባልኩ ቁጥር ዋጋ ይጨምራሉ። በሩን የሚያንኳኳ ግን ጠፋ። ጋሽ ቱሉ በረንዳቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ይጠብቁኝና፣ ገና ከሥራ ስገባ «ዛሬስ ስንት ደረስን?» ማለት ጀመሩ። ጥያቄው አልጣመኝም። ልባቸው እንዳይሸፍት ብዬ አንድ ቀን «ወርዷል ጋሽዬ» አልኳቸው።

ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ወርዷል? እንግዲያው ሳይብስበት እንሽጠው እንጂ!»

«ኧረ ተሳስቼ ነው! ጨምሯል!»

«ጨምሯል?» ተመልሰው ተቀመጡ። «ከጨመረማ ይቆይ።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እጨምራለሁ። ደላሎቹ የሚሉኝን ካለፍኩት ሰነበትኩ። ጋሽ ቱሉ ለዕድር ጓደኞቻቸው ያወራሉ፤ እነሱም የየቤታቸውን ዋጋ ከዚያ ያስነሳሉ። የጉርድ ሾላ ቤት ለምን እንዲህ ተወደደ እያላችሁ መንግሥትንና ዲያስፖራን የምታሙ ሁሉ እባካችሁ ተዉአቸው። እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ቱሉ ጠሩኝ። «የኔ ልጅ፣ ይሄን በሚያህል ውድ ግቢ ውስጥ በዚህ ኪራይ ስትኖር ለራስህስ ቅር አይልህም?»

«አይ ጋሽዬ፣ የአሁኑ ይበቃል!» አልኳቸው።

ጨመሩብኝ።