ቲቸር እህተማርያም እና ግማሿ ኦክስጅን

በየትምህርት ቤቱ ለግማሽ ማርክ እንደ ነፍሳቸው የሚሳሱ አንድ አስተማሪ አይጠፉም። የእኛ የአዋሳዎቹ ክብርት መምህርት እህተማርያም ነበሩ። ኬሚስትሪ ያስተምራሉ፤ ይቆጣሉ። ደሞዝ የሚከፈላቸው ለየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በ1979 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ፈተናው ላይ ሰባ በመቶ ብረት፣ ሠላሳ በመቶ ኦክስጅን ያለው ውህድ መጣ፤ ኢምፔሪካል ፎርሙላውን፣ ማለትም የአቶሞቹን ትንሹን የሙሉ ቁጥር ጥምርታ፣ አውጡ ይላል። በየአቶሚክ ክብደታቸው አካፈልኩ፣ እንደገና በትንሹ አካፈልኩ፤ ለአንድ ብረት አንድ ነጥብ አምስት ኦክስጅን መጣ። ነጥቧ አስጠላችኝና ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ ሰጡኝ።

«ቲቸር፣ አሠራሩ እኮ ልክ ነው!»

«ግማሿን ኦክስጅን ከየት ሰርቀህ አመጣሃት?» ጠመኔው ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ። «ሁለቱንም በሁለት ብታባዛ ምን ትሆናለህ? ሁለት ብረት፣ ሦስት ኦክስጅን!»

በዚያች ዜሮ ወደቅሁ። አንጀቴ እስኪቃጠል ጠላኋቸው።

የወንበር ጓደኛዬ ኩማ ደግሞ የአሴቲክ አሲድን ሞሌኪውላር ፎርሙላ፣ ማለትም ትክክለኛ የአቶሞቹን ብዛት፣ ሲጠየቅ ኢምፔሪካሉን ጽፎ ቁጭ አለ። በማግስቱ ቲቸር ከቤታቸው አቼቶ በጠርሙስ ይዘው መጡና አንድ ማንኪያ አስጎነጩት።

«ጣፈጠህ?»

«ኧረ ይጎመዝዛል፣ ቲቸር!»

«የጻፍከው ግን ለግሉኮስም ይሆናል! አንድ ካርቦን፣ ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፤ ክብደቱ ሠላሳ። የአቼቶው አሲድ ስድሳ ነው። ስድሳ ለሠላሳ ሲካፈል?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ሁሉንም በሁለት አታባዛም? አቼቶና ስኳር ሳትለይ ልትጨርስ ነው?»

ሰኔ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሽበሺ ክፍላችን ገቡ። የብሔራዊ ውትድርናው ኮታ ጎድሎባቸዋል።

«ጓድ መምህርት፣ የወደቁትን ስም ዝርዝር ይስጡን።»

አሥራ አንድ ነበርን። ሴትዮዋ ለማን ራርተው ያውቃሉ?

የማርክ ደብተሩን ደረታቸው ላይ አጣበቁት። «እዚህ የተጻፈው ልጆቹ ኬሚስትሪ ላይ የሳቱት ነው። ለጦር ሜዳ የሚሆን የለበትም።»

«አብዮቱን እያደናቀፉ ነው!»

«ክፍለ ጊዜዬን የሚያደናቅፉት እርስዎ ነዎት። ሲወጡ በሩን ይዝጉልኝ።»

ሰውየው በሩን ወርውረውት ወጡ። በአሥረኛው ቀን፣ ቲቸር መኪና በሳምንት አንዴ ወደሚገባበት ቆላ ተዛውረዋል የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብተሩን ግን ማንም ሊያገኘው አልቻለም። ከመሄዳቸው በፊት አሥራ አንዳችንን ሰብስበው፣ እየጮኹብን አስጠንተው በድጋሚ ፈተኑን። ግማሽ ማርክ አልጨመሩልኝም። ሃምሳ ሁለት አመጣሁ፤ ሁላችንም አለፍን። ከክፍላችን ለውትድርና የተወሰደ አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ልንሸኛቸው አሥራ አንዳችንም መናኸሪያ ሄድን። በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብለው አዩን፤ ፊታቸው ቀላ።

«ባዮሎጂ የላችሁም እንዴ? ማን ኑ አላችሁ? ሂዱ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ አልታዘዝናቸውም። አውቶቡሱ ከዓይናችን እስኪሰወር፣ እየተቆጡን፣ ቆመን አየናቸው።