የታረቀ ደንበኛ

ከሐኪምና ከጠበቃ ምንም አይደበቅም ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም። ወልድያ ላይ የጥብቅና ቢሮ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

እኔ ደንበኛ በሬን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደምጠይቀው ታውቃላችሁ? ምን አደረግህ አልለውም። ማን አየህም አልለውም። "ታርቀሃል ወይ?" ነው የምለው። ሰውየው ግር ይለዋል። ከሚስቱ ጋር መጣላቱን የሰማሁበት ይመስለዋል። ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ። ዳኛው እንደሆኑ ፈርደው ጨርሰዋል።

ጠጥቶ ለነዳ ሰው ጠበቃ መሆን ምን እንደሚመስል ያልሞከረው አያውቀውም። እድር ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጠጋ ብሎ፣ ለሰካራም ትቆማለህ አሉ ይለኛል። እቆማለሁ። ሰካራሙ ራሱ መቆም ካቃተው ማን ይቁምለት? ሕጉ ሰካራም ሹፌር አይወድም፤ እኔም አልወድም። ነገር ግን ሕጉ ከሳሹን፣ ሰውየው መስከሩን አስረዳ ይለዋል። እኔ እንጀራዬን የምበላው በዚህች "አስረዳ" በምትል ቃል ነው። ይህንን ለእድርተኛ ማስረዳት ግን ከፍርድ ቤቱም ይብሳል። ያው ሰውዬ በሳምንቱ የእህቱ ልጅ ሞተር ሲነዳ ተያዘና ማልዶ በሬን አንኳኳ። የኛ ልጅ እንኳ ሰክሮ አይደለም፣ ደስ ብሎት ነው አለኝ።

ደንበኞቼም ቢሆኑ የዋዛ አይደሉም። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ትራፊክ ሲያስቆመው ቀስ ብሎ ወረደና ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ትራፊኩ ሲደርስ፣ ሹፌሩ የት ገባ፣ ቸኩያለሁ እኮ አለው። ትራፊኩም የዋህ ነው፤ አብሮት ሹፌሩን ይጠብቅ ጀመር። ልጁ ዝም ብሎ ቢጠብቅ ደግ ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ጊዜ ግን፣ ሹፌሩ ሲመጣ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው በልልኝ ብሎት ተኛ። ይህንን ነው እንግዲህ ተከራከርለት የምባለው።

የአራጋው ጉዳይ ግን እንዲህ አልነበረም። የአራጋው ጉዳይ ንጹሕ ነበር። እንዲህ ያለው ለአንድ ጠበቃ በዕድሜው አንዴ ቢመጣለት ነው።

አራጋው ከወልድያ መርሳ፣ ሰው ሲያገኝ እስከ ውርጌሳ የሚጭን የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሚኒባሱ የሱ አይደለም፤ ባለንብረቷ ወልድያ ያለች ነጋዴ ናት። አንድ እሑድ ግራና ወደምትባለው ከተማ ክርስትና ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ መርሳ መግቢያ ላይ ከአስፋልቱ ወጣና የሐጂ ይመርን የድንጋይ ካብ ንዶ የማንጎ ዛፍ ተደግፎ ቆመ። ተሳፋሪ አልጫነም ነበር። ከካቡና ከሚኒባሱ አፍንጫ በቀር የተጎዳ የለም።

ትራፊኩ መጣ። ትንፋሽ የሚለካው መሣሪያ በእጁ አልነበረም። ስለዚህ በአፍንጫው ለካ። አፉ መጠጥ መጠጥ ይላል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል ብሎ ጻፈ። ሳነበው ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አፍንጫ ከመቼ ወዲህ ነው ማስረጃ የሆነው? መንገዳገዱስ ቢሆን፣ ካብ ንዶ የወረደ ሰው ተሰልፎ ሊቆም ኖሯል?

አራጋው ቢሮዬ መጥቶ ተቀመጠ። ባለንብረቷ፣ ተፈርዶብህ መንጃ ፈቃድህ ከተያዘ መኪናዬን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላዋለች። ሁለት ልጆች አሉት። ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ጠጥተህ ነበር ወይ አልኩት። ጠላ ቀምሻለሁ አለ። ምን ያህል ቀመስህ ስለው፣ "የሕፃኑ አያት ቆመው እየቀዱ እምቢ ይባላል እንዴ?" አለኝ። ይገባኛል፤ አይባልም።

ስማ አራጋው አልኩት። ይህችን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አትናገራትም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። እሺ አለ፤ ማለልኝም። ልንገራችሁ፣ መሐላውን ጠብቋል። ከዚያች ቀን እስከ ቀጠሮው ቀን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከዚያች ቀን በፊት ምን እንዳደረገ ግን አልጠየቅኩትም። ጠበቃ ተብዬ።

የዐቃቤ ሕጓ ምስክር ያው ትራፊኩ ነበር። ስለ አፍንጫው ጠየቅኩት። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞት እንደነበር አመነ። ጉዳዩ እዚያው ላይ ይዘጋል ብዬ ነበር፤ ዳኛው ግን መኪና ያለምክንያት ከመንገድ አይወጣም፣ ይከላከል አሉ። ይከላከል ካሉ እንከላከላለን። አንድ ምስክር ብቻ መረጥኩ፤ ራሳቸውን ሐጂ ይመርን።

ሐጂ ይመርን መርሳ ላይ የማያውቃቸው የለም። ማንጎና ፓፓያ ያለማሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። ካባቸው የተናደባቸው እሳቸው፣ ድምፁን ሰምተው መጀመሪያ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ አራጋው ሲጠጣ በዓይንዎ አይተዋል ወይ አልኳቸው። ኧረ የት አይቼ፣ እሱ ግራና እኔ መርሳ አሉ። ቂም ይዘውበታል ወይ አልኳቸው። ወላሂ አልያዝኩም፣ ደግ ልጅ ነው አሉ። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ያውም ከተበዳዩ አፍ። ስሰናበታቸው፣ "አብሽር ልጄ፣ አታስብ፣ እኔ እመሰክርለታለሁ" አሉኝ። አብሽር ሲሉኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

የቀጠሮው ቀን ሐጂ ብቻቸውን አልመጡም። ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኋላ ተደርድረው ተቀመጡ። ለአጀብ ነው ብዬ አለፍኩት። ሐጂ ቁርኣን መትተው ማሉ። ተከሳሹ ሲጠጣ በዓይንዎ አይተዋል አልኳቸው። አላየሁም አሉ። ቂም አለዎት አልኳቸው። የለኝም አሉ። ጨርሻለሁ ክቡር ፍርድ ቤት ብዬ ተቀመጥኩ። ለጠበቃ የሚከብደው መናገር አይደለም፤ እንዲህ በልኩ አቁሞ መቀመጥ ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ተቀምጬ ራሴን እያደነቅኩ ነበር።

ዐቃቤ ሕጓ ልጅ እግር ናት። ብድግ አለችና አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች። "ስለዚህ ሐጂ፣ ተከሳሹ አልጠጣም ነው የሚሉት?"

ሐጂን ገረማቸው። "ማነው አልጠጣም ያለው? ጠጥቷል እንጂ" አሉ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። አራጋው ካቡ በተናደ ማግሥት ሽማግሌ ይዞ እሳቸው ዘንድ መሄዱን፣ ከተናደው ካብ አንዲት ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ አድርጎ ደጃፋቸው መቆሙን፣ ጠጥቼ ነው ያጠፋሁት ይቅር በሉኝ ማለቱን፣ ዱዓ ተደርጎ መታረቃቸውን፣ ካቡንም በገዛ እጁ መልሶ መካቡን አንድ ሳያስቀሩ ተረኩ። ሲተርኩ ደግሞ እያዩ ያሉት እኔን ነው። እንዴት እንደምመሰክርለት አየህልኝ የሚሉኝ ነው የሚመስለው።

ብድግ አልኩ። ይህ የሰሚ ሰሚ ነው አልኩ። ሐጂ ይህችን አልወደዷትም። "የምን የሰሚ ሰሚ? በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ድንጋይዋን ከትከሻው ያወረድኩለትም እኔው ነኝ። ካላመንክ እነዚህን ጠይቅ" ብለው ወደ ኋላ አመለከቱ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አንድ ላይ ብድግ አሉ። ዳኛው በመከራ አስቀመጧቸው።

ሐጂ፣ የተጠየቁትን ብቻ ነው እኮ የሚመልሱት አልኳቸው። ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም። "ቁርኣን አስመትታችሁኝ ስታበቁ ግማሹን ብቻ ተናገር ትሉኛላችሁ?" አሉ። "ደግሞስ ባያምን ኖሮ እታረቀው ነበር? ደግ ልጅ ነው ያልኩህ ስላመነ ነው።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ሐሰት ነው። ብቅሉ ትራፊኩ ፊት ምንም አላወጣም። ያወጣው እርቁ ነው።

ዳኛው ወደ አራጋው ዞሩ። የመመለስ ግዴታ እንደሌለበት ነገሩት። እኔ በዓይኔም፣ በቅንድቤም፣ በሳሌም ዝም በል አልኩት። ዝም ቢል እኮ ገና የምሟገትበት ነበረኝ። ፈቃዱም፣ ሚኒባሱም፣ የልጆቹ ጉርስም ያለው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። አራጋው እኔን አየኝ። ከዚያ ሐጂን አየ። "ጠጥቼ ነበር ክቡር ፍርድ ቤት" አለ።

ተፈረደበት። መቀጮ ከፈለ፤ መንጃ ፈቃዱም ለስድስት ወር ታገደ። ባለንብረቷም ቃሏን አከበረች፤ መኪናውን በማግሥቱ ለሌላ ሰጠች።

በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። ለማንም አትናገር አላልኩህም ወይ አልኩት። እርስዎ ካሉኝ ወዲህ አልተናገርኩም፣ ያ በፊት የተናገርኩት ነው አለኝ። ታዲያ መታረቅህን ለምን ደበቅከኝ? አልደበቅኩም፣ ያለቀ ነገር ምን ይነገራል ብዬ ነው አለ። እሺ ይሁን፣ ዳኛው ሲጠይቁህስ አፍህን ምን አስከፈተህ? መሬት መሬቱን እያየ፣ "ድንጋዩን ከትከሻዬ ያወረዱልኝን ሰው ቁርኣን መትተው ዋሹ ላሰኛቸው?" አለኝ።

ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ ብዬው ሄድኩ። ተናድጄ ነበር። መሸነፌን እንኳ ለምጄዋለሁ፤ ያንገበገበኝ የልጆቹ ነገር ነው። እስኪ ፍረዱ፤ ፍርድ ቤት ያላመነ ያተርፋል፣ ሽምግልና ያላመነ ይከስራል። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ሰው ሁሉ በሁለቱም በር ይገባል። ጠበቃው በየትኛው በር ይጠብቀው?

ወር ሳይሞላ ሐጂ ደወሉልኝ። መርሳ ብቅ በል፣ ጉዳይ አለ አሉኝ። የመሬት ክርክር ነው ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። የደረሰኝ ደግሞ ያው የአራጋው ሚኒባስ ነው። አዲሱ ሹፌር መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም አሉ። አንድ እጁ ስልክ ይዟል፣ አንድ እጁ ጫት ይዟል፣ መሪው ለፈጣሪ የተተወ ነው። የሐጂ ካብ አጠገብ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ማንም አልነካበትም።

ሐጂ ከማንጎው ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፈው ሽማግሌዎቹን ሰብስበዋል። አራጋውም ዳር ላይ ተቀምጧል። ፈቃዱ እስኪመለስለት የሐጂን ፍሬ አይሱዙ ላይ ይጭናል፤ ሲመለስለት ሐጂ የአይሱዙውን መሪ ሊሰጡት ነው። ለጊዜው ሸክሙ መዳፉን ልጦታል። ጉዳዩ የመሬት አልነበረም። ጉዳዩ እኔ ነበርኩ። ሰላም መባባል መተዋችሁን ሰማን፣ ደግ አይደለም፣ ልናስታርቃችሁ ነው አሉኝ።

አራጋው ነገሩን ለምዶታል። ቶሎ ብሎ ተነሣና፣ መታረቄን አለመንገሬ ጥፋት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አለ። ተራው የኔ ሆነ። እኔ ምን አጠፋሁ፣ ሥራዬን ነው የሠራሁት አልኩ።

"መጠጣቱን ታውቅ ነበር?" አሉኝ ሐጂ።

የደንበኛ ምስጢር አይወጣም አልኳቸው።

"ኧረ ያውቃሉ፤ የመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸዋለሁ" አለ አራጋው። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው።

ከዚህ በኋላ የቻልኩትን ያህል ተናገርኩ። እኔ አልጠጣም አላልኩም፣ መጠጣቱ አልተረጋገጠም ነው ያልኩት አልኩ። ማስረዳት የከሳሽ ፋንታ ነው፣ ጠበቃ ባይኖር ባለ አፍንጫ ሁሉ እያሸተተ ሰው ያስቀጣል፣ ነገ በእናንተም ልጅ ይደርሳል አልኩ። ፍርድ ቤት ቆሜ እንኳ እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ሐጂም ጢማቸውን እየዳበሱ አልፎ አልፎ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አሳመንኳቸው ብዬ አሰብኩ።

"ገብቶኛል" አሉ ሐጂ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ልጄ። አራጋው ካቤን የናደ ለት ጠጥቶ ነበር። አንተ እያወቅህ፣ እኔን ቁርኣን አስመትተህ ሲጠጣ አይተዋል ወይ ያልከኝ ለት ምን ቀምሰህ ነበር?"

ምንም አልቀመስኩም አልኳቸው። ማልጄ ነው ከቤት የወጣሁት፤ ውሃ እንኳ አልጠጣሁም።

ሐጂ ሽማግሌዎቹን አዩ። ሽማግሌዎቹም ሐጂን አዩ። ከዚያ አራጋውን ጠሩና፣ እሱ ከተሸከማት ተለቅ ያለች ድንጋይ ከካቡ ላይ እንዲያወርድልኝ አዘዙት።